ሽማግሌ የተላከባት አብራሪ

ድሬዳዋ ውስጥ በርጫ ላይ የታቀደ ነገር ማታ ይፈርሳል። ይህን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ይገባል፣ ጫቱ ይቀርባል። ምርቃናው ሲመጣ አንዱ ፎቅ ይሠራል፣ አንዱ ፋብሪካ ይተክላል፣ ሌላው ጅቡቲ ላይ መርከብ ያስቆማል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ፎቁም ፋብሪካውም መርከቡም የሉም፤ ሰው ልብሱን አራግፎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ማንም ማንንም አይታዘብም። የሞሐሙድ ጥፋት በርጫ ላይ ያቀደውን ሳያፈርስ ማሳደሩ ነበር። አሳድሮም ዝም አላለም፤ በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌ ይዞ ሄደ።

ለጋብቻ ሄዶ ቢሆን ማንንም ባልገረመ። እሱ የሄደው ወደ ጦር ሰፈሩ ነው፤ የእህቱን ልጅ የሀዊን አለቃ ሊለምን።

ሀዊ ኢስማዒል የሄሊኮፕተር አብራሪ ናት፤ ማዕረጓ ሻምበል ነው። ያደገችው እዚያው ድሬ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ነው። አባቷ በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ እሷ ገና ተማሪ ሳለች አረፈ፤ እናቷ ፋርሒያ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ እየሸጠች አሳደገቻት። አጎቷ ሞሐሙድ የእናቷ ወንድም ነው፤ እሷም በሶማሊዎቹ ወግ «አብቲ» ትለዋለች። አባት ከሞተ በኋላ ጫማዋን የገዛ፣ ትምህርት ቤት ስትጣላ የተጠራ፣ ወታደር ልሁን ስትል ሳምንቱን ሙሉ ያኮረፈ፣ በኋላ ደግሞ በየሱቁ እየዞረ ያወራላት እሱ ነው። ስለዚህ በሀዊ ነገር እኔ ምን አገባኝ የሚል ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ለሄሊኮፕተር ስትመደብ ሀዊ ራሷ ከፍቷት ነበር። ክንፍ ባለው አውሮፕላን የሚሠለጥኑት ጓደኞቿ የሄሊኮፕተሮቹን ልጆች «ወፍጮ ነጂ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል፤ ድምፁ እንደ ወፍጮ ቤት ነውና። ከሁሉ የባሰ ቀልደኛ የነበረው ነህምያ የሚባል የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። እሱ በማጓጓዣ አውሮፕላን ሠለጠነ፣ የአገልግሎት ዘመኑን ጨረሰ፣ አየር መንገድ ገባ። አሁን መንገደኛ ይዞ ባሕር ይሻገራል። ሀዊን ሲደውልላት ዛሬም «ወፍጮ ነጂ፣ ዱቄቱ እንዴት ነው?» ይላታል።

እሷ ግን ወፍጮዋን ወደደቻት። የወደደችበትን ቀን ታውቀዋለች። ከቢዮ አዋሌ ወዲያ ጎርፍ መንደር ከቦ ሰዎች ለማውጣት ተልካ ነበር። የድሬ ሰው ሙቀት ሰውን እንደሚያደክም ያውቃል፤ ሄሊኮፕተርንም እንደሚያደክም የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቀን ሲግል አየሩ ይሳሳል፤ ጠዋት ያነሳችውን ሸክም ማሽኗ ከቀትር በኋላ አታነሳውም። ያን ቀን ጎርፉ መሀል ባለች የአሸዋ ደሴት ላይ ምጥ የያዛት ሴት ነበረች፤ ሰዓቱም ድፍን ቀትር ነበር። ሀዊ ሴትዮዋንና እናቷን አሳፈረች፤ ማሽኗ ግን አቃሰተች እንጂ አልተነሳችም። ሣጥኖቹን አስወረደች፣ ወታደሮቹን አስወረደች። አንድ ሻለቃ ግን የማዕረግ ነገር ሆኖበት ከመቀመጫው አልነቃነቅ አለ። ያን ጊዜ የተናገረችው እስከ ዛሬ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ይወራል።

«ሻለቃ፣ አየሩ ማዕረግ አያውቅም። ኪሎ ነው የሚያውቀው። ይውረዱ።»

ወረደ። ሴትዮዋም ሐኪም ቤት ደርሳ ወለደች። ሻለቃውንና ወታደሮቹን በማግሥቱ ገና ብርድ ሳለ ሄዳ አመጣቻቸው፤ ሻለቃው መንገዱን ሙሉ አላናገራትም፣ ሲወርድ ግን እጁን ዘረጋላት።

አሁን ወደ ነገሩ ልመለስ። ሀዊ ግዴታ የገባችበት የአገልግሎት ዘመን እያለቀ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት በር አንድ ላይ ተከፈተ። አንደኛው ጥቂት የሄሊኮፕተር አብራሪዎችን ወደ ማጓጓዣ አውሮፕላን የሚያሸጋግር ሥልጠና ነው። አየር መንገድ የሄሊኮፕተር ሰዓትን እንደ ሙሉ ሰዓት አይቆጥርም፤ ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ ወታደር መጀመሪያ በማጓጓዣ አውሮፕላን ረዳት ሆኖ ተቀምጦ ክንፍ ባለው አውሮፕላን ሰዓት ማጠራቀም አለበት። ሁለተኛው በር የተራራና የነፍስ አድን በረራ ሥልጠና ነው፤ ያለፈ ሰው አስተማሪ ይሆናል። ይህን የመረጠ ግን ለረጅም ዘመን እንደገና ይፈርማል። ፊርማው ሲያልቅ ዕድሜው ይሄዳል፤ አየር መንገድ ቢገባ እንኳ ከልጅ እግሮች በታች ይጀምራል። ሁለቱ መንገዶች ከዚያ በኋላ አይገናኙም። ሀዊ የምትመርጠውን በልቧ መርጣ ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን ገና አልተናገረችም።

ሞሐሙድ ስለ ማጓጓዣው ሥልጠና ከአንድ የሰፈሩ ወታደር ሰምቷል። በርጫ ላይ አነሳው። የበርጫው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ሀዊን ካፒቴን አደረጋት፣ ሰማያዊ ልብስ አለበሳት፣ ሆቴል አሳደራት፣ እናቷንም ለሐጅ ጅዳ አደረሳት። በማግሥቱም ሞሐሙድ ሁለት ሽማግሌ ጨመረ። አንደኛው ልጆችን ቁርአን የሚያስተምሩት ሼህ አብዱላሂ ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤታቸው ጋሽ ዓብዩ ነው፤ በድሮው ምድር ባቡር ሾፌር የነበረ። ሦስቱም የታጠበ ልብሳቸውን ለብሰው በአንድ ባጃጅ ተጠጋግተው ሄዱ። በሩ ላይ ያለው ዘብ ሰው የሞተ መስሎት በቶሎ አስገባቸው።

የሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል ከደጋ የመጣ፣ ለድሬ አዲስ የሆነ ሰው ነው። ሲገቡ ብድግ ብሎ ለእያንዳንዳቸው «እባክዎ ይቀመጡ» አለ። አልተቀመጡም። ሞሐሙድ በከተማው ልማድ «አንተ» እያለ ጀመረ፤ ድሬ ላይ አንቱታ የለምና። «የመጣንበትን እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አለው። ኮሎኔሉ የሽማግሌ ወግ የሚያውቅ ያገር ልጅ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን ባለቤት ተቀምጦ አይሰማም፤ እሱም እንደቆመ ቀረ። አራቱም በዚያ ሙቀት ቆሙ። ሀዊ ጎበዝ እንደሆነች፣ አባት እንደሌላት፣ ለማጓጓዣው አውሮፕላን እንድትሰጥላቸው ነገሩት። እንድትሰጥላቸው ነው ያሉት፤ ሙሽራ እንደሚጠየቅ። ኮሎኔሉ ላስብበት ሊል ሲል የጋሽ ዓብዩ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየ። እሺ አለ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ኮሎኔሉም መስቀሉን በአንገቱ እንዳሰረ አሜን አለ።

ሀዊ ይህን የሰማችው ኮሎኔሉ ጠርቶ «እንኳን ደስ አለሽ» ሲላት ነው። እሱ የላከቻቸው እሷ መስላው ነበር። እንዳልላከቻቸው፣ እንዳልተጠየቀች፣ የምትፈልገው የነፍስ አድኑን ሥልጠና እንደሆነ ነገረችው። ኮሎኔሉ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ስምሽን አስተላልፌያለሁ» አላት። «እስከ ዓርብ ልመልሰው እችላለሁ። ግን ለሽማግሌ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ተመርቄም አሜን ብያለሁ። ቃሌን ያሰሩት ይፍቱልኝ። ካልፈቱልኝ አንቺ ወታደር ነሽ፤ የተመደብሽበት ትሄጃለሽ።»

«አይፈቱም ብለው ነው የሚያስቡት፣ ኮሎኔል?»

«ሽማግሌ የለመነውን መልሶ አልፈልግም ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

አልሰማችም። ቢሆንም ሰላምታ ሰጥታ ወጣች፤ ከቀትር በኋላም የሞሐሙድን ቤት ደጃፍ ከነዩኒፎርሟ ረገጠች። ቡትስዋን ፈታ በሰው ነጠላ ጫማ መሀል አስቀመጠችና ገባች። በርጫው ተሟሙቆ ነበር። ወደ ወንዶች በርጫ ሴት ብዙ አትገባም፤ እሷ ግን ትራስ ስባ ከአጎቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ውኃ ሰጧት፣ ጠጣች።

«አብቲ፣ ሽማግሌ የሚላከው ለሚዳር ሰው ነው» አለች። «ለማን ነው የዳራችሁኝ?»

አንዱ ሳቀ። ሞሐሙድ አልሳቀም።

«ለትልቁ አውሮፕላን» አላት። «ምን አጠፋሁ? ያንቺው ዝንብ ናት እንጂ አውሮፕላን አይደለችም።»

«ዝንብ የትም ታርፋለች። ትልቁ አውሮፕላንህ ሰው አስፋልት ካላነጠፈለት አያርፍም።»

በርጫው ሳቀ። ሞሐሙድ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው፤ ከዚያም ያለውን ሁሉ ዘረዘረባት። አባቷ መንገድ ላይ እንደሞተ፣ እሷም በማይታወቅ ተራራ ላይ እንድትሞት እንደማይፈልግ፣ ነህምያ ለእናቱ ቤት እንደሠራ፣ ፋርሒያ ግን ዛሬም ቀፊራ ፀሐይ ላይ እንደምትውል ነገራት። ሐሰት አልተናገረም። ሀዊም ሐሰት ነው አላለችም። አደገኛ ነው፣ አውቃለሁ፤ ገንዘቡ ያንሳል፣ አውቃለሁ፤ ሕይወቱ ግን የኔ ነው አለች። ዓርብ ሳይደርስ ተመልሰው ለኮሎኔሉ ቃሉን እንዲፈቱለት ጠየቀች።

«አቦ፣ ሽማግሌ መልሶ እንዲህ ሲያደርግ ከአባቶቻችን አልሰማንም» አለ ሞሐሙድ።

«እኔም ለአውሮፕላን ሽማግሌ ሲላክ ከአባቶቻችን አልሰማሁም።»

አሁን የሳቀ የለም። ሞሐሙድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ይህን ካደረግሽ አብቲ አትበይኝ» አላት።

ሀዊ ተነሳች። «አብቲ እልሃለሁ። ባትሰማኝም እልሃለሁ» አለችውና ቡትስዋን አጥልቃ ወጣች።

ያን ቀን ወደ ማታ ለነህምያ ደወለች። እሱም አላባበላትም። ሥራው ደህና ነው፣ ልጆቼ በደህና ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ ስወጣ ስገባ መንገዱ ተሠርቶ ይጠብቀኛል፤ እኔ ይህን እወዳለሁ፣ አላፍርበትም አላት። አንቺ የማትወጂው ከሆነ አትምጪ፤ ግን ፈርመሽ ስታበቂ ፀጉርሽ ሸብቶ አስገባኝ ብለሽ እንዳትደውዪልኝ አላት። አልደውልም አለችው። እሱም «ወፍጮ ነጂ፣ ወላሂ አትደውዪም» አለና ሳቀ፤ ነህምያ ክርስቲያን ነው፣ ግን ድሬ ላይ ወላሂ የሁሉም ነው።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ጋሽ ዓብዩን አጥር ሥር ያለች በርጩማው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ትናንትና በርጫው ላይ እሱም ነበር፤ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። አጠገቡ ተቀመጠች።

«የኔ ልጅ» አላት፣ «ትልቁን ትተሽ ትንሿን የመረጥሽበትን አስረጂኝ። በርጫ ላይ ሰው ይቀልዳል እንጂ አያስረዳም።»

ስለዚያች ደሴት ነገረችው። እንዴት መመዘን እንዳለባት፣ ማንን ይዛ ማንን ትታ እንደምትነሳ፣ አቧራው ሲነሳ መሬቱ እንደሚጠፋ፣ ሴትዮዋ የመቀመጫውን ቀበቶ እንደ ሰው እጅ ጨብጣ እንደያዘች። «እዚያ የሚያርፍ ሌላ የለም፣ ጋሽ ዓብዩ። እኔ ካልመጣሁ የሚመጣ የለም። ይህን ካወቅሁ በኋላ እንዴት አድርጌ አላወቅሁም ልበል?»

ሽማግሌው ለማንም ጎረቤት ያላወራውን ነገራት። ጎልማሳ ሳለ፣ ከሽንሌ ወዲያ፣ ጣቢያ በሌለበት በረሃ አንዲት ሴት የታመመ ልጇን ወደ ላይ አንስታ ሐዲዱ ላይ ቆማ አየ። ባቡር ጣቢያ በሌለበት አይቆምም። እሱ አቆመ። ሴትዮዋን አሳፍሮ ድሬ አደረሳት። ከዚያ በኋላ ከትልቁ መስመር አንሥተው ባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ፉርጎ ሲያጋጥም እንዲውል አደረጉት፤ እስከ ጡረታው እዚያው ቀረ። ሰው ሰክሮ ነው፣ ተጣልቶ ነው ብሎ አማው፤ እሱም ዝም አለ።

«ታዲያ ተጸጽተሃል?» አለችው።

«ግቢው በጣም አሰልችቶኝ ነበር» አላት። «መቆሙን ግን ዛሬም ቢሆን እቆማለሁ።» በርጩማውን እየተደገፈ ተነሳ። «ኮሎኔሉ እሺ ያለው ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ነው አሉ። እንግዲያው ያሳሰርኩሽ በጉልበቴ ነው፤ የማስፈታሽም በጉልበቴ ነው። ሼሁን እኔ አናግራለሁ። አጎትሽን ግን አልችለውም።»

የቀረችው እናቷ ነበረች። ፋርሒያ በዚያ ሁሉ ነገር አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ለዚያ ነው ሀዊ ከሁሉ ይልቅ የፈራቻት። ሐሙስ ማታ ጨርቆቿን ስታጣጥፍ አብራት እያጣጠፈች ነገረቻት። ፋርሒያ አንዱን ጨርቅ አጥፋ፣ ፈታ፣ እንደገና አጠፈችው።

«እኔ የተመኘሁት አንድ ነገር ነው» አለች። «ሐጅ ስሄድ አውሮፕላኑን አንቺ እንድትነጂው። እዚያ ያሉት ሰዎች ሁሉ ይህችን የወለደች ማን ናት እንዲሉ።»

ሀዊ በልጅነቷ እንደምትጠራት «ሆዮ» አለቻት፤ በሶማሊኛ እናቴ ማለት ነው። «ሐጅ አደርስሻለሁ። ግን መንገደኛ ሆኜ፣ አጠገብሽ ተቀምጬ ነው የምወስድሽ። አንቺ እኮ ባጃጅ ሲጠመዘዝ ትጮኺያለሽ። እኔ ከፊት ተቆልፌ ብቀመጥ፣ ሲነሳ እጅሽን ማን ሊይዝልሽ ነው?»

ፋርሒያ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ስትስቅም ዓይኗ ሞላ። ደስ አላት ማለት አይደለም። የልጇን ፊት በመዳፏ ያዘችና፣ እንደ አባትሽ ድርቅ ያልሽ ነሽ አለቻት። ከዚያም ጨርቁን አቀበለቻት።

ዓርብ ጠዋት ባጃጅ የጦር ሰፈሩ በር ላይ ቆመች። ዘቡ አሁንማ ያውቃቸዋል። ጋሽ ዓብዩና ሼህ አብዱላሂ ገቡ። ኮሎኔሉ ብልህ ሰው ነው፤ ይመጣሉ ሲባል ትራስ ያለው ወንበር አስመጥቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወንበሩን አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ሀዊ በር ላይ ቆማ ትሰማለች።

ሼሁ ልጅቷን ሳንጠይቅ መለመናችን ስሕተት ነው፣ ያልጠየቁትን ሰው መዳር በኛም ሃይማኖት በእናንተም የለም አሉ። ጋሽ ዓብዩ ደግሞ ብዙ አልተናገረም።

«ቃልህን ልንመልስልህ መጥተናል» አለው። «ተቀበልሁ ካላልከን አንቀመጥም። ጉልበቴ ደግሞ ካለፈው ብሷል።»

ኮሎኔሉ ሳቁን ዋጠ። «ያን ቀን ሦስት ነበራችሁ። ሦስቱ ያሰሩትን ሁለቱ ይፈቱታል?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። «ሦስተኛው አለ» አሉ ሼሁ። «ባጃጅ ውስጥ ነው። አኩርፏል።»

ኮሎኔሉ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሀዊም አንገቷን ስባ አየች። ከበሩ ማዶ፣ ባጃጇ ውስጥ፣ ሞሐሙድ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ፣ ኮፊያውን አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ተቀምጧል። እንደሚመጣ ለማንም አልተናገረም ነበር። እነሱ ሲሳፈሩ እሱም መጥቶ በዝምታ ተጠጋግቶ ተቀመጠ እንጂ።

ኮሎኔሉ ረጅም ጊዜ አየው። በእሱም አገር ያኮረፈ ዘመድ ደጅ ድረስ ከመጣ እንደገባ ይቆጠራል።

«ይበቃል» አለ። «ተቀበልሁ። አሁን ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ሀዊን አስገብቶ ስሟን ወደ ነፍስ አድኑ እንደሚያዞር ነገራት፤ ሥልጠናው ቀልድ እንዳልሆነ፣ ከወደቀችም ማጓጓዣው እንደማይጠብቃት አከለበት። «አይጠብቀኝ» አለች። ከዚያ አስፈቅዳ ወደ በሩ ወጣች።

ሞሐሙድ እስክትደርስ አልዞረም። ባጃጇን ተደግፋ ቆመች።

«አብቲ።»

ኮፊያውን አስተካከለ።

«አብቲ፣ ኮሎኔሉ ሻይ አስቀርቧል፤ ውረድ።»

«እኔ አልገባሁም» አላት። «እግሬ አልረገጠም። ሰው ቢጠይቅሽ ሞሐሙድ ቃሉን አላጠፈም በዪ።»

«እላለሁ።»

ከኮፊያው ሥር ገረመማት። «ለአውሮፕላኑ እንቢ አልሽ፤ እሺ። ሽማግሌ መላክ ግን አልጠላሁም። አንድ የመጋላ ሰፈር ነጋዴ አለ፣ ደህና ሰው ነው። ለሱ ብንልክ ምን ትያለሽ?»

ሀዊ ወደ ሰማይ አየች። ፀሐይዋ ገና አልጋለችም፤ ለመነሳት ጥሩ ሰዓት ነው። ማዶ ላይ ቴክኒሻኖቹ ማሽኗን ገፍተው ያወጣሉ።

«መጀመሪያ ኪሎውን ጠይቅልኝ» አለችውና ወደ ሜዳው ሄደች።